ጓሳ፦ ሣር የሚዘጋበት አገር

አዶላ ላይ ወርቅ ሲገኝ ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈና ክብረ መንግሥት ከተማ ሆነች። ወርቅ ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰው የሚሰበሰበው ሊዝቅ ነው፣ ወርቁ ሲሳሳ ሰፈሩም ይሳሳል። መንዞች ግን አንድ ሀብት ከበው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እዚያው አሉ። ሀብቱ ሣር ነው። ጓሳ ይሉታል፤ ሜዳውም የሚጠራው በሣሩ ስም ነው።

ቦታው ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደብረ ብርሃንንና ጣርማ በርን አልፎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ጤፍ አይሞከርም፤ ኑሮው ገብስና በግ ነው። የጓሳ ሣር ደግሞ የማይገባበት ነገር የለም። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመዳል፣ የእረኛ ጅራፍ ይሆናል። ከሁሉ የምወደው ግን ለዝናብ የሚደረበውን ገሳ ነው። ሣሩ ጫፉ ወደ ታች ወርዶ ጥቅጥቅ ተደርጎ ይጎነጎናል፤ ዝናቡ በየዘለላው እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ገሳ የደረበ እረኛ ከሩቅ ሲታይ እግር ያወጣ የሣር ክምር ነው።

ይህን ሜዳ ለብዙ ዘመን የጠበቀው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነው። (በቅርቡ ዘመን ፖለቲካ ከምናውቀው ቄሮ ጋር አያገናኙት።) ባለመብቶቹ አስቦና ገራ ከተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱ ርስተኞች ነበሩ። እያንዳንዱ ወገን አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጥ ነበር። ጓሳው አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም እስከ አምስት ዓመት ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። አባወራው በተራ ይጠብቅ ነበር፤ ተራውን ያጓደለም፣ ሰርቆ ያጨደም ይቀጣ ነበር። ሣሩ ደርሷል ሲባል አለቆቹ ቀን ቆርጠው ያውጁ፣ ሕዝቡም ይገባ ነበር።

ሥርዓቱን ግን እንከን የለሽ አድርጎ ማውራት አይገባም። ከአስቦም ከገራም የማይወለድ ሰው በሣሩ አጠገብ እየኖረ በሣሩ ላይ መብት አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህም አጥር አብሮ ፈረሰ። ፍትሑ ለብዙዎች የዘገየ ነበር፤ ጦሱ ደግሞ ፈጥኖ መጣ። አባ ቄራው ሥልጣኑን ሲያጣ ጠባቂ ጠፋ፣ ሁሉም የፈለገውን ማጨድና ማሰማራት ጀመረ። ሣሩ ሲመናመን ያየው ገበሬ ነው፣ መላ የፈለገውም እሱው። በዙሪያው ያሉ የገበሬ ማኅበራት ወኪሎቻቸውን መርጠው የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መዝጋትና መክፈት ተመለሰ። በዚህኛው ሥርዓት ግን ዘር አይቆጠርም። በኋላም ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሕጋዊ እውቅና ሰጠው።

የተዘጋው ሣር ሌሎችንም ያኖራል። በመላው ዓለም 500 ገደማ ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ እዚህ አሉ። የሚኖሩት በሣሩ ውስጥ በሚርመሰመሰው አይጥ ነው። የጭላዳ መንጋ ሲግጥ ቀበሮው መሐል ገብቶ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ ግልገሎቹን ብዙ ጊዜ አይነካም፣ ጭላዳዎቹም እምብዛም አይሸሹትም። ጓሳ ላይ ጭላዳን ሲከታተሉ የቆዩ ተመራማሪዎች ሒሳቡን ሠርተውታል፦ ቀበሮው አይጥ ለመያዝ ከሚያደርገው ሙከራ መንጋው መሐል ሲሆን 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ።

ማየት የሚፈልግ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያ አለለት፤ የሚከፍለው ገንዘብም ለጥበቃው ይውላል። ጋቢ አይርሱ፤ የጓሳ ሌሊት ውርጭ ነው።