ነባር ድመት ላለበት ቤት የድመት ግልገል ስለ መምረጥ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የማውቀው ቤት የሆነውን ነገር ለንግግሬ መነሻ ባደርገው አይከፋም። የቤቱ እመቤት የእህሉን ጎታ ዐሥር ዓመት ያህል ከአይጥ የጠበቀች አንዲት ድመት ነበረቻቸው። ድመቲቱ እያረጀች ብትሄድ ረዳት ይሁናት ብለው የአንድ ወር ግልገል ከጎረቤት አመጡና ከፊቷ አኖሩት። አሮጊቷም ጠጉሯን አቁማ አጉረመረመች፤ ማታ ምግቧን ሳትነካ ወጣች፤ ከዚያም ወዲያ በጎተራው ጣራ ሥር ተሸሽጋ ወደ ቤት አልገባም አለች። እመቤቲቱ «ይህ ቅናት ነው» ብለው ተቆጧት። ነገሩ ግን ቅናት አልነበረም፤ ስሕተቱም የድመቲቱ ሳይሆን የመራጩ ነበር።

ይህን ለመረዳት የድመትን ትውልድ መመልከት ይገባል። ድመትና ሰው በአንድነት መኖር ከጀመሩ እጅግ ረጅም ዘመን ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከአንድ ሰው መቃብር አጠገብ የተቀበረች፣ 9,500 ዓመት ያህል የሆናት ድመት መገኘቷን የፈረንሳይ ሊቃውንት በ2004 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ምርመራም የቤት ድመት የወረደችው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት መሆኑን አስረድቷል። ይህም የዱር ድመት እንደ ተኩላ በመንጋ የሚያድን አይደለም። ብቻውን ያድናል፤ ብቻውን ይበላል፤ የሚኖርበትንም ስፍራ በጥፍሩና በሽታው ምልክት እያደረገ ይጠብቃል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የተባለው ለነቀፋ ቢሆንም፣ በዚህ ረገድ እውነትነት አለው። የቤት ድመት ከእኛ ጋር ስትኖር ይህን ጠባይዋን አልተወችም፤ ቤቱን ሁሉ ግዛቴ ነው ትላለች።

ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከግልገሎቹ ሳይሆን ከነባሪቱ ድመት ነው። ግልገሉን የምንወደው እኛ ብንሆንም፣ ቀንና ሌሊት አብራው የምትኖረው እርሷ ናት። እንግዲህ አስቀድማችሁ እነዚህን ጥያቄዎች ለራሳችሁ አቅርቡ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ጤናማ ናት ወይስ ለመዝለልና ለመራመድ ትቸገራለች? ከዚህ በፊት ከሌላ ድመት ጋር ኖራ ታውቃለችን? የጎረቤት ድመት ስታይ ትሸሻለች ወይስ ትጣላለች?

ድመቲቱ የታመመች ወይም እጅግ ያረጀች ከሆነች፣ ልፊያ የማይሰለቸው አንድ ግልገል ዕረፍት ይነሳታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐሳቡን መተው ወይም ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ግልገሎችን በአንድነት መውሰድ ይሻላል። ብቸኛው ግልገል የሚላፋው ከአሮጊቷ ጋር ነው፤ ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው ይላፋሉና እርሷን አያስቸግሯትም።

ጾታም ቸል የሚባል አይደለም። ነባሩ ድመት ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ፣ ሌላ ወንድ ባደገ ጊዜ ጠብ ይነሣል። ሴት ቢመጣለት ደግሞ ሴቲቱ ስድስት ወር ሳይሞላት እንኳ ልታረግዝ ስለምትችል፣ ቤቱ በግልገል ይሞላል። ወንዱን ማኮላሸትና ሴቲቱ እንዳትወልድ ማድረግ ለእንስሳት ሐኪም ቀላል ሥራ ነው፤ ይህ ከተደረገ በኋላ የጾታ ልዩነት እምብዛም አያሳስብም።

ወደ ግልገሎቹ ስንመለስ፣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ዕድሜ ነው። ግልገል ሲወለድ ዓይኑ የተዘጋ ነው፤ የሚገልጠውም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ነው። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ሰውን መልመድ ይማራል። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋም ጥርሱንና ጥፍሩን መቆጠብን፣ ሌላው ድመት ሲቆጣም ገለል ማለትን ይማራል። ይህን ሳይማር የተወሰደ ግልገል የነባሪቱን ቁጣ አይገባውም። ስለዚህ ስምንት ሳምንት ያልሞላውን አትውሰዱ፤ ዐሥራ ሁለት ቢሞላው ይበልጥ ይመረጣል።

ቀጥሎም ከግልገሎቹ አጠገብ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ከሁሉ ቀድሞ ዘልሎ የሚይዛችሁ ደፋር ነባሪቱንም እንዲሁ ይዳፈራታል፤ ከጥጉ የማይወጣው ፈሪ ደግሞ ሲሸሽ እንድታሳድደው ይገፋፋታል። መካከለኛውን፣ ጥቂት አሽትቶ በዝግታ የሚቀርበውን ምረጡ። ዓይኑና አፍንጫው ንጹሕ፣ ድዱ ሮዝ መልክ ያለው፣ ጆሮው ከጥቁር እድፍ የጸዳ ይሁን። ሰውነቱ ከስቶ ሆዱ ብቻ የተነፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የወስፋት ምልክት ነው።

ግልገሉ ወደ ቤት ሲመጣ ወዲያው ከነባሪቱ ጋር አታገናኙት። በሐኪም አስመርምሩት፤ ሁለት ሳምንት ያህልም በሌላ ክፍል አኑሩት። በዚህ ጊዜ የተሰወረ በሽታ ቢኖርበት ይገለጣል። ነባሪቱም በበሩ ሥር ሽታውን ትለምዳለች። እርሱ የተኛበትን ጨርቅ ለእርሷ፣ የእርሷን ለእርሱ አቅርቡ፤ ምግባቸውንም ከበሩ ወዲህና ወዲያ ስጧቸው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ይተያዩ። የምግብ ሳሕንና የሚጸዳዱበት የአሸዋ ሣጥን ለየራሳቸው ይሁን፤ ሣጥኑ በቁጥር ከድመቶቹ በአንድ ቢበልጥ መልካም ነው። ስታጉረመርም አትምቷት፤ የተመታች እንደሆነ ሕመሙን የምትቆጥረው በእንግዳው ነው። ነባሪቱ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰች ወደ ሐኪም ውሰዷት። ድመት ለጥቂት ቀናት ከጾመች፣ በተለይም የወፈረች ከሆነች፣ ጉበቷ ክፉኛ ይጎዳል።

አንድ ብርቱ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፤ ድመትም ወደ ሰው ታስተላልፋለች። ስለዚህ ነባሪቱን አስቀድማችሁ፣ ግልገሉንም ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቡ። ድመት ሕፃን ልጅን የነከሰች ወይም የቧጨረች እንደሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላልና መዘግየት አይገባም።

ያች እመቤት ምክር ከጠየቁ በኋላ ግልገሉን ለብቻው በዕቃ ቤት አኖሩት። አሮጊቷም በምግብ ተባብላ ተመለሰች። ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ሁለቱ በአንድ ክፍል መብላት ጀመሩ። በአንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተው አልታዩም፤ ነገር ግን ሳይጣሉ ይተላለፋሉ። ይህም ይበቃል።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። በድመት ቤት ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፤ እንግዳው በመዳብ ይጀምራል። ወደ ወርቅነት የሚያደርሰው የመራጩ ማስተዋልና የባለቤቱ ትዕግሥት ነው። ቤቱን ለብዙ ዓመታት የጠበቀች ድመት በእርጅናዋ ከቤቷ እንዳትሰደድ ማሰብም የእኛ ግዴታ ነው።