የጓሮ ዶሮ ጤና ከቆጡ ሥር ይጀምራል

በአገራችን አብዛኛው ዶሮ የሚረባው በጓሮ ነው። ጠዋት ይለቀቃል፣ ሲጭር ይውላል፣ ሲመሽ ቆጡ ላይ ይወጣል። የሚንከባከቡት በብዛት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ እንቁላሉ ለደብተርና ለጨው፣ ዶሮው ለበዓል ይሆናል። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የተሻሻሉ ዝርያዎች በከተማ ግቢም በርክተዋል። ይሁንና ወሬያችን ስለ መኖ ዋጋና ስለ እንቁላል ብዛት ነው፤ በሽታና ተባይ ትዝ የሚሉን ዶሮዎቹ ማለቅ ሲጀምሩ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ብዙው ነገር አልፏል።

ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። የደከመችውን ጓደኞቿ ይነቁሯታል፣ ጭልፊትም እሷን ይመርጣል፤ ስለዚህ አቅሟ እስኪያልቅ እንደ ጤነኛ ትቆማለች። ሕመሟን ቀድሞ የሚያውቀው ጤንነቷን በየቀኑ ያየ ሰው ነው።

ለዚህ ጥሩው ሰዓት ማለዳ በሩ ሲከፈት ነው። ጤነኛዋ ተሽቀዳድማ ትወጣለች። ላባዋን ነፍታ፣ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ከድና ጥግ የያዘችው ግን ታማለች። ዓይን ጥርት ያለ፣ አፍንጫ ደረቅ መሆን አለበት። ፀሐይ ሳይበረታ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ዶሮ መተንፈሻዋ ተነክቷል። የአናቷ ቀይ ሥጋ ከገረጣ ደሟን የሚጨርስ ተባይ ወይም ትል ይጠረጠራል፤ የታቀፈችና ላባ የምትቀይር ዶሮ ግን ያለ ሕመምም ትገረጣለች።

ኩስም ብዙ ይናገራል። የጤነኛዋ ኩስ ቅርጽ ይዞ ጫፉ ነጭ ነው፤ ነጩ ሽንቷ ነው። በየመሀሉ የምትጥለው ቡናማ፣ የሚጣበቅና የሚከረፋ ኩስም ጤነኛ ነው። በጫጩት ኩስ ላይ ደም ከታየ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው በሽታ ይጠረጠራል። አረንጓዴ ተቅማጥ ከአንገት መጠማዘዝና ከድንገተኛ ሞት ጋር ከመጣ ፈንግል ሊሆን ይችላል።

ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል። ማታ ቆጥ ላይ እንዳለች ቀስ ብሎ ማንሳትና ደረቷን መዳሰስ ነው። የደረቷ አጥንት እንደ ቢላ ስለት ከወጣ እየከሳች ነው። አንገቷ ሥር ያለው የጥሬ ከረጢት ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ መሆን አለበት። ከጭራዋ ሥር ያለውን ላባ ገለጥ ሲያደርጉ ደግሞ ተባዩ ራሱ ይታያል።

ተባዮቹን ለመከላከል መኖሪያቸውን መለየት ያስፈልጋል። ቅማል ዕድሜውን ሙሉ ዶሮዋ ላይ ይኖራል፤ ዕንቁላሉን ላባው ሥር በነጭ ክምችት መልክ ያጣብቃል፣ ከዶሮዋ ከወረደ ከሳምንት በላይ ብዙም አይቆይም። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚነሰነሰው ዶሮዋ ላይ ነው፤ ዕንቁላሉ ስለማይሞት ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ይደገማል።

ቀዩ ቅንቅን ተቃራኒው ነው። ሌሊት ወጥቶ ደም ይጠጣል፣ ቀን የቆጡና የግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል። ሙቀት ካገኘ በሳምንት ገደማ ትውልድ ይተካል፤ ደም ሳያገኝም ወራት ይቆያል። ቀን ዶሮዋን የመረመረ ሰው ንጹሕ ናት ብሎ ይሄዳል። የዶሮ መዥገርም እንዲሁ በስንጥቅ የሚኖር የሌሊት ጠላት ነው። ቁንጫው በዓይኗ ዙሪያ ተጣብቆ ይታያል፤ ልጆቹ ግን የሚያድጉት መሬት ላይ፣ በአቧራው ውስጥ ነው። የእግር ቅርፊት አንሥቶ የሚያሻክረው ቅንቅን ደግሞ እግሯን አጥቦ ቫዝሊን ወይም ዘይት ደጋግሞ በመቀባት ይታፈናል።

የውስጥ ትሎችም ከዶሮዋ ውጭ የሚያልፍ ሕይወት አላቸው። የወስፋት ዕንቁላል በኩስ ወጥቶ እርጥብ መሬት ላይ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ለመያዝ ይደርሳል፤ አፈር ውስጥም ወራት ይከርማል። የኮሶ ትል በጉንዳን፣ በጥንዚዛና በመሳሰሉት በኩል ይገባል። የኮክሲዲዮሲስ ተውሳክ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በሁለት ቀን ውስጥ ለመያዝ ይበቃል፤ ሳምንታት ብቻ ያስቆጠሩ ጫጩቶችን የሚጨርሰውም በክረምት ነው።

እንግዲህ ከቅማል በቀር አብዛኛው ጠላት ያለው በመሬቱ፣ በጉዝጓዙና በስንጥቁ ነው። ዋናው መድኃኒትም ደረቅነት ነው። ጣራው እንዳያፈስ፣ የውሃው ዕቃ ጉዝጓዙን እንዳያረጥብ መጠበቅ፣ የረጠበውን ጭድ ወዲያው ማውጣት፣ ከቆጥ ሥር ያለውን ኩስ አዘውትሮ መጥረግ። ቆጡ የሚነቀል ቢሆን፣ ስንጥቁም በጭቃ ቢደፈን ቅንቅን መሸሸጊያ ያጣል። እናቶቻችን ዶሮ እንድትንከባለልበት የሚተዉላት ደረቅ አፈርና አመድም ትልቅ ጥበብ ነው፤ ትቢያው ተባዩን ያራግፋል። ጫጩቶችን ከትልልቆቹ መለየት፣ ከገበያ የመጣችውንም ሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብቻ ማቆየት ያድናል።

በመድኃኒት በኩል ብዙ ጥፋት ይደርሳል። ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ የዶሮ ቤት ውስጥ የሚረጭ አለ፤ መርዙ ለዶሮዋም፣ እንቁላሏን ለሚበላው ልጅም ይተርፋል። ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ በውሃ የሚያጠጣም አለ፤ ፈንግል ግን ቫይረስ ስለሆነ አይነካውም። የትል መድኃኒትም ዓይነቱ፣ መጠኑና እንቁላሉ የማይበላባቸው ቀናት ከእንስሳት ሐኪም መጠየቅ አለባቸው።

ፈንግልን የሚያቆመው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያዘጋጃል፤ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ የማይቆይ በመሆኑ፣ አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን አትችለውም። ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ጠዋት ማስከተብ ነው የሚያዋጣው፤ በሽታውም አጥር አያግደውምና።

ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ባትሪ ይዞ መግባትና ነጭ ጨርቅ በቆጡ የታችኛው ጎን ማሸት ምንም ወጪ የለውም። ጨርቁ ላይ ቀይ ሰረዝ ከወጣ፣ የነገ ሥራ ቆጡን ነቅሎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ነው።