ከባንኮኒው ጀርባ

በድሮ ግብር ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለእንግዳ ከማቅረቡ በፊት ከጠጁ ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ጠጁ መርዝ እንደሌለበት የሚመሰክረው በራሱ ጉሮሮ ነው። ዛሬ አምቦ ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ የሚቆመው ባሬስታ የዚያ አሳላፊ ወራሽ ነው። አይቀምስም፤ ጠርሙሱን ግን እንግዳው ዓይን ፊት ይከፍታል። ጓዳ ተከፍቶ የመጣ ጠርሙስ በምን እንደተሞላ ማን ያውቃል? ሙያውን መማር የምትፈልጉ ሁሉ ከዚህ ጀምሩ።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪ ወይም በጌዶ ለጀማሪ ቶሎ የሚከፈተው በር ብርጭቆ አጠባ ነው። ሥራውን አትናቁት። የሳሙና ወይም የቅባት ርዝራዥ የቀረበት ብርጭቆ የድራፍቱን አረፋ ወዲያው ያጠፋዋል። በትናንሽ ከተሞች ጠዋት ማኪያቶ የሚያፈላውና ማታ ጃምቦ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ስለሆነ የቡናውንም ማሽን መልመድ ግድ ነው። ቋንቋም አለ፤ እዚህ ኦሮምኛም አማርኛም ሰምቶ በሁለቱም የሚመልስ ልጅ ቶሎ ይወደዳል።

ከሁሉ የምወደው ትምህርት ግን የአምቦ ውኃ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው ይህ ውኃ ከመሬት ጋዙን ይዞ የሚወጣ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ጋዝ ይይዛል፤ የሞቀ ይለቃል። ስለዚህ ጠርሙሱ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ብርጭቆው ዘንበል ብሎ ውኃው በጎኑ ቀስ እያለ ይውረድ። ጂን በአምቦ ሲታዘዝ ጂኑ ይቀድማል፤ አምቦው ከላይ ይጨመራል፤ ብዙ አይማሰልም። ከጎረቤት ከተማ ስሙን የወሰደውን ቀይ የጉደር ወይን ጠጅም በአምቦ ቀላቅሎ የሚጠጣ አለ።

ቀጥሎ መለኪያ ነው። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ በ30 ሚሊ ሊትር መለኪያ 25 ጊዜ ይቀዳል። በዓይን ግምት የሚቀዳ ባሬስታ ወይ ባለቤቱን ወይ እንግዳውን ይጎዳል፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለውም ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል።

ወረቀት ለሚፈልግ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በኩል የምግብና መጠጥ መስተንግዶ ሥልጠና አለ፤ በመጨረሻው ላይ የብቃት ምዘና ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩትም ለሆቴል ሙያተኞች የታወቀ ቤት ነው። የወንጪ ሐይቅ ለአምቦ ቅርብ ነው፤ አካባቢውም በእንግዳ ማረፊያ እየለማ ስለሆነ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። እኔ ግን መጀመሪያ ጥቂት ወራት ሥራ በሚበዛበት ባንኮኒ ማገልገልን እመርጣለሁ፤ እዚያ የሚታየው የሰው ጠባይ በመጽሐፍ አይገኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አምቦ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ እዚያ ዕድሜ አልደረሱም። መታወቂያ ጠይቁ፤ አይ ማለትንም ከመጀመሪያው ቀን ልመዱ። ራሳችሁም በሥራ ሰዓት አትጠጡ። ሴት ልጆችን በዚህ ሥራ የምትቀጥሩ ባለቤቶች ደግሞ ባንኮኒው ላይ የሚደርስባቸውን ትንኮሳ «የሥራው ጠባይ ነው» ብላችሁ አትለፉ፤ አስቸጋሪውን እንግዳ አስወጡላቸው።