የታደሰው «ኤም»፦ አንድ የጀርመን የወንጀል ፊልም ወደ ዲስክ የደረሰበት መንገድ

«ኤም» በቪየና ተወልዶ በበርሊን የሠራው ዳይሬክተር ፍሪትዝ ላንግ ከባለቤቱ ከቴያ ፎን ሃርቡ ጋር የጻፈው፣ ኔሮ ፊልም የተባለው ኩባንያ ያሠራው፣ በሜይ 11 ቀን 1931 በበርሊን ኡፋ ፓላስት አም ዙ ሲኒማ ቤት ለሕዝብ የቀረበ የወንጀል ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ይህን ፊልም በቤቱ ሆኖ የሚመለከት ሰው እጅ የሚገባው ቅጂ ግን በዚያች ምሽት የታየው ራሱ አይደለም፤ ፊልሙ ታግዶ፣ አጥሮ፣ ያልነበረው ድምፅ ተጨምሮበት፣ የምስሉ ጠርዝ ተከርክሞ ለአሥርት ዓመታት ከተንከራተተ በኋላ፣ በልዩ ልዩ አገሮች ቤተ መዛግብት የተረፉት ቅጂዎች እርስ በርስ እየተነጻጸሩ እንደገና የተዋቀረው ነው። ስለዚህም ዲስኩ ስለ ፊልሙ ትክክለኛ መልክ የተሰጠ የባለሙያዎች ፍርድ ነው፤ ፍርዱ በምን ላይ እንደተመሠረተ ለመረዳትም በመጀመሪያ ፊልሙን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ታሪኩ ሕፃናትን እያባበለ ወስዶ የሚገድል ሀንስ ቤከርት የተባለ ሰው በአንድ ትልቅ ከተማ ላይ በሚያሳድረው ሽብር ዙሪያ ይሽከረከራል። አብዛኛው የወንጀል ፊልም «ገዳዩ ማን ነው?» በሚል ጥያቄ ተመልካቹን እስከ መጨረሻው አንጠልጥሎ ሲያቆይ፣ ላንግ የገዳዩን ፊት ገና በጊዜ አሳይቶ ጥያቄውን «ማን ይይዘዋል? ሲያዝስ ማን ይፈርድበታል?» ወደሚል ያዞረዋል። የመክፈቻው ትዕይንት እስከ ዛሬ ድረስ በፊልም ትምህርት ቤቶች የሚጠናው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆች በግቢ ውስጥ ክብ ሠርተው ስለ ነፍሰ ገዳይ የሚናገር የጨዋታ ዜማ ያዜማሉ፤ ልብስ በማጠብ የምትተዳደር እናት ምሳ አሰናድታ፣ ልጇ ኤልሲ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ የግድግዳውን ሰዓት ደጋግማ ታያለች፤ ኤልሲ በበኩሏ በመንገድ ላይ ኳሷን ከአንድ የማስታወቂያ ዓምድ ጋር እያነጠረች ትጫወታለች፤ በዓምዱ ላይም ገዳዩን ለጠቆመ ሰው 10,000 ማርክ እንደሚሸለም የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። በወረቀቱ ላይ የአንድ ሰው ጥላ ያርፍና ጎንበስ ብሎ ልጅቱን ያነጋግራታል። ግድያው አይታይም፤ እናቲቱ የልጇን ስም እየጠራች ሳለ ካሜራው ባዶውን ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበትን ባዶ ሰገነትና ያልተነካውን ሳህን ተራ በተራ ያሳያል፤ ከዚያም ኳሷ ከቁጥቋጦ ሥር ተንከባልላ ትቆማለች፣ ሰውየው የገዛላትም ፊኛ በሽቦ ተጠላልፎ ይወዛወዛል።

ፖሊስ ሌሊት ሌሊት መጠጥ ቤቱን ሁሉ እየፈተሸ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣቸው፣ የሌቦችና የቀማኞች ማኅበራት ሥራቸው ስለሚስተጓጎል ገዳዩን ራሳቸው አድነው ለመያዝ ይወስኑና የከተማዋን ለማኞች መንገድ እየከፋፈሉ ለቅኝት ያሰማራሉ። እንዲህ ያሉ የወንጀለኞች ማኅበራት በዘመኑ በርሊን በእውን የነበሩ ናቸው። ላንግ የፖሊሶቹንና የወንጀለኞቹን ስብሰባ እያፈራረቀ ሲያሳይ አንዱ ወገን የጀመረውን የእጅ እንቅስቃሴ ሌላው ወገን የሚጨርሰው እስኪመስል ድረስ ያገጣጥማቸዋል፤ ሁለቱ ጉባኤዎች በጭስ በተሞላ ክፍል ውስጥ በአንድ ዓይነት መላ ሲመክሩ ማየት ምንም ማብራሪያ አይሻም። በመጨረሻ ፊኛ ሻጩ ዓይነ ስውር ገዳዩን በፉጨቱ ይለየዋል፤ አንድ ወጣትም በጀርመንኛ «ነፍሰ ገዳይ» የሚለው ቃል የሚጀምርበትን ፊደል በመዳፉ ላይ በጠመኔ ጽፎ፣ ሳት ያለው መስሎ የሰውየውን ትከሻ በመምታት ያትምበታል፤ የፊልሙ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ቤከርትን ሆኖ የሚጫወተው ፒተር ሎሬ በአንድ የተተወ የአረቄ ፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ በወንጀለኞች ሸንጎ ፊት ቆሞ፣ እነርሱ በፈቃዳቸው እንደሚሰርቁ እርሱ ግን ከውስጡ የሚያሳድደውን ነገር ማምለጥ እንደማይችል እየጮኸ ሲናገር፣ ተመልካቹ ለደቦ ፍርድ ያዘጋጀው ልቡ ይናወጣል። በዱሰልዶርፍ ከተማ ብዙ ሰው የገደለው ፒተር ኩርተን በ1930 ተይዞ በጁላይ 1931 በሞት በመቀጣቱ ብዙዎች ፊልሙን የእርሱ ታሪክ አድርገው ወስደውታል፤ ላንግ ግን በአንድ ሰው ታሪክ ላይ የተመሠረተ እንዳልሆነ ሲናገር ኖሯል።

ለእድሳቱ ከሁሉ በላይ ራስ ምታት የሆነው ድምፁ ነው። «ኤም» የላንግ የመጀመሪያ ባለ ድምፅ ፊልም ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ አዲሱን መሣሪያ ባገኘ ጊዜ እንደ ሌሎቹ በሙዚቃና በንግግር ከማጥለቅለቅ ይልቅ ቆጥቦ ተጠቅሞበታል፤ ከበስተኋላ የሚያጅብ ሙዚቃ የለም፤ አንዳንድ የመንገድ ትዕይንቶች ጭራሽ ድምፅ አልባ ናቸው። ዜማ ሆኖ የሚደጋገመው ገዳዩ የሚያፏጨው፣ ኖርዌያዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤድቫርድ ግሪግ «ፔር ጊንት» ለተባለው ተውኔት ከደረሰው ሙዚቃ የተወሰደ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሎሬ ማፏጨት ስለማይሆንለት ፉጨቱን ያፏጨው ላንግ ራሱ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ፊልም ውስጥ ዝምታ ጉድለት ሳይሆን የተደረሰ ነገር ነው።

ፊልሙ በ1931 ለጀርመን የሳንሱር መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ርዝመቱ 3,208 ሜትር ነበር፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ፍሬም ማለት አንዱ ነጠላ ምስል ነው) በሚሄድ ማሳያ ሲሰላ 117 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ላንግም፣ ሎሬም፣ ፕሮዲዩሰሩ ዚሞር ኔቤንሳልም ጀርመንን ለቀው ወጡ፤ ቴያ ፎን ሃርቡ ግን ቀርታ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነች። በጁላይ 1934 ፊልሙ ታገደ። በ1940 ደግሞ ናዚዎች በአይሁድ ላይ ጥላቻ ለመቀስቀስ በሠሩት የፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ፣ አይሁዳዊው ሎሬ በሸንጎው ፊት የሚጮህበትን ክፍል ቆርጠው አስገብተው፣ ተዋናዩ የተናገረው የገጸ ባሕርይ ቃል የራሱ ኑዛዜ እንዲመስል አደረጉት። ከጦርነቱ በኋላ ፊልሙ በ1960 በጀርመን እንደገና ለገበያ ሲወጣ አከፋፋዮቹ አሳጥረውት ነበር፤ በዚያ ላይ ተመልካቹ «ድምፁ ተበላሽቷል» እንዳይል ፈርተው ይመስላል፣ ላንግ ጸጥ ባደረጋቸው ትዕይንቶች ውስጥ ጨምሮ አዲስ ድምፅ ከተቱበት። በብዙ አገር ለዓመታት የታየው ይህ ዘሩ ነው።

በምስሉ ላይ የደረሰው ጉዳት ከዚህ ይልቅ ረቂቅ ነው። ድምፅ በፊልም ላይ መቀረጽ በጀመረባቸው ዓመታት የድምፁ መስመር በፊልሙ ጥብጣብ ዳር ላይ ይታተም ስለነበረ ለምስሉ የሚቀረው ስፍራ ጠብቦ፣ ወርዱ ለቁመቱ 1.19 እጅ ብቻ የሆነ፣ አራት ማዕዘን ሊባል ጥቂት የቀረው ቅርጽ ያዘ። ከ1932 ጀምሮ 1.37 እጅ የሆነው ሰፋ ያለ ቅርጽ ደንብ ሲሆን፣ የድሮዎቹ ፊልሞች በአዲሱ መስኮት እንዲገቡ ከላይና ከታች ተከረከሙ። በ«ኤም» ውስጥ ከጣሪያ ላይ ቁልቁል የሚታዩ ሰፋፊ ምስሎችና ከግርጌ የሚቀነባበሩ ጥላዎች ስላሉ፣ ክርከማው የሰው አናት ከመቁረጥ አልፎ የላንግን አሠራር ያዛባ ነበር።

በ2000 አካባቢ የኔዘርላንድ የፊልም ሙዚየም ከጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብትና ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ያካሄደው እድሳት ሦስቱንም ጉዳቶች ለመቀልበስ የተነሣ ነበር። መነሻው ከዋናው ኔጌቲቭ የተረፈው ክፍል ነው፤ ኔጌቲቭ ማለት ከካሜራው የወጣው፣ ብርሃንና ጨለማው የተገለበጠው ጥብጣብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቅጂ ከዚህ በራቀ ቁጥር ጥራቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። የጎደለውን ከሌሎች ቅጂዎች መሙላት፣ አንዱ ቅጂ ከሌላው ሲለያይ የትኛው የቀደመው እንደሆነ መወሰን፣ በኋላ የገባውን ድምፅ ለይቶ ማውጣት፣ ይህ ሁሉ የግእዝ ብራናዎችን እያነጻጸረ የጸሐፊን ስሕተትና የኋላ ሰው ጭማሪ ለይቶ ዋናውን ንባብ ከሚፈልግ ሊቅ ሥራ ጋር አንድ ጠባይ አለው። ውጤቱ ወደ 110 ደቂቃ የሚጠጋ ሆነ፤ ከመጀመሪያው ርዝመት የጎደሉት ሰባት ደቂቃ ያህል አልተመለሱም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዲጂታል ጽዳት ነው። የ110 ደቂቃ ፊልም ከ158,000 በላይ ፍሬም አለው፤ እያንዳንዱ በስካነር ተነሥቶ አቧራው፣ ጭረቱ፣ የምስሉ መንቀጥቀጥና የብርሃኑ ብልጭ ድርግም ማለት በኮምፒዩተር ይታረማል። አደጋው ከማጉደል ይልቅ በማብዛት ላይ ነው፤ ጭረቱን የሚያጠፋው ፕሮግራም ሲጠነክር የፊልሙን ቅንጣት፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን የብር ነጠብጣቦች፣ አብሮ ይጠርጋል፤ ያን ጊዜ የሎሬ ፊት ላቡና ቀዳዳው ጠፍቶ በሰም የተለበጠ ይመስላል። በድምፅም እንዲሁ ነው፤ የ1931 መቅረጫ የነበረውን ሹክሹክታ ጨርሶ ማጥፋት የሰዎቹን ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ያስመስለዋል። ጥሩ እድሳት የሚታወቀው የት ላይ እንዳቆመ በማየት ነው።

ይህ የታደሰ ቅጂ በአሜሪካ ክራይቴሪየን በተባለው አሳታሚ በ2004 በሁለት ዲቪዲ፣ በ2010 ደግሞ ከዲቪዲ እጅግ የበለጠ ዝርዝር በሚይዘው በብሉ-ሬይ ወጣ፤ በዚያው በ2010 በእንግሊዝ ዩሬካ የተባለው ድርጅት የራሱን ብሉ-ሬይ አሳተመ። አባሪዎቹ ለብቻቸው ትምህርት ናቸው፦ ላንግ በ1975 ከዳይሬክተር ዊልያም ፍሪድኪን ጋር ያደረገው ቃለ ምልልስ፣ እንዲሁም ሎሬ ራሱ በእንግሊዝኛ የሚናገርበት የዘመኑ የእንግሊዝኛ ቅጂ ይገኙበታል። ኢትዮጵያ በብሉ-ሬይ የክልል አከፋፈል ከአውሮፓ ጋር በ«ቢ» ክልል ስለምትመደብ የእንግሊዙ ዲስክ በአገር ውስጥ በሚገኝ ማጫወቻ ሲሠራ፣ የአሜሪካው ክልል ያልተከፈተለት ማጫወቻ ላይ እንቢ ይላል።

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በመልካ ጀብዱም ሆነ በሌላ ስፍራ ፊልም ወደ ቤት የሚገባው ግን ይበልጡን በፍላሽና በስልክ ነው። በአገራችን ተወዳጅ የሆነው የትርጉም ፊልም፣ ማለትም በዋናው ድምፅ ላይ አንድ ተራኪ በአማርኛ እየተናገረ የሚቀርበው ዓይነት፣ ለብዙ የድብድብ ፊልም ሕይወት ሰጥቷል፤ «ኤም»ን ግን ይገድለዋል፤ ተራኪው ጸጥታውን ሲሞላው አከፋፋዮቹ በ1960 የሠሩትን ስሕተት መድገም ይሆናልና። ለእንዲህ ያለው ፊልም የሚበጀው በምስሉ ግርጌ የሚሄድ የአማርኛ ጽሑፍ ነው።

ጉዳዩ የጀርመን ብቻ እንዳይመስል፣ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1976 ለዕይታ ያበቃው፣ በጥቁርና ነጭ በ16 ሚሊ ሜትር የተቀረጸው «ምርት፦ ሦስት ሺህ ዓመት» በጣሊያን በሲኔቴካ ዲ ቦሎኛ ታድሷል፤ በ1993 የሠራው «ሳንኮፋ» ደግሞ ታድሶ በ2021 በኔትፍሊክስ ቀርቧል። ሁለቱም የዳኑት ከአገር ውጭ መሆኑ የሚያሳስበው የአየሩን ጠባይ ለሚያውቅ ነው። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተለመደው የአሲቴት ፊልም በ21 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ እርጥበት ሲቀመጥ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተ መሟሸሽ ይጀምራል፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። በድሬዳዋ ቆላ ያለ ማቀዝቀዣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ጥቅል ይህን ያህል ዕድሜ አያገኝም።

የ«ኤም» ቅጂ በእጁ የገባ ሰው የትኛው ዘር እንደሆነ ያለ ባለሙያ ሊለየው ይችላል። ዛሬ በሚሸጡት ሰፋፊ ቴሌቪዥኖች ላይ ግራና ቀኝ ያለው ጥቁር ባዶ አንድ ላይ የስክሪኑን ሲሶ ያህል ከያዘ ቅርጹ ትክክለኛው ነው፤ ቴሌቪዥኑ ምስሉን እንዲለጥጠው ማዘዝ አይገባም። የጊዜው ርዝመት ሊያሳስት ይችላል፤ በአውሮፓ የተሠሩ ዲቪዲዎች በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚሄዱ 110 ደቂቃው ወደ 106 ዝቅ ይላል፣ ፉጨቱም በጥቂቱ ይቀጥናል። ከሁሉ የሚታመነው መጨረሻው ነው፦ በአንዳንድ የተቆረጡ ቅጂዎች የሕግ እጅ የቤከርትን ትከሻ ሲይዝ ፊልሙ ያበቃል፤ በታደሰው ግን ዳኞች ወደ ችሎት ገብተው ይቀመጣሉ፣ ፍርዱ ሳይሰማ ሐዘን የለበሱ ሦስት እናቶች ይታያሉ፣ አንዷም ይህ ሁሉ ልጆቻቸውን እንደማይመልስ ስትናገር ስክሪኑ ይጨልማል፤ ድምፁ ግን ገና አላለቀም።