የዊንዶውስ 10 ጠባቂ ሄዷል፤ የነጋዴው ሒሳብስ?

የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ቀን ነው። በእንዲህ ዓይነት ከተማ የዱቤ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያድር የነበረ ነጋዴ፣ ሒሳቡን ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር ከቁልፎቹ አንዱን ለሩቅ ሰው መስጠቱን ልብ አይልም። ያ ሩቅ ሰው ማይክሮሶፍት ነው። ኩባንያው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና አቁሟል።

ኮምፒዩተሩ እንደ ወትሮው ይበራል፤ ፒችትሪም ይከፈታል። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ ተጨማሪ ውል ለሌለው ሰው አይደፈንለትም። ይባስ ብሎ ለዊንዶውስ 11 የሚወጣው ማስተካከያ በአሮጌው ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ቀዳዳ ለሌባው ሊጠቁመው ይችላል።

ጉዳቱ በ2009 ዓ.ም ታይቷል። ግንቦት 4 ቀን የተለቀቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ150 ያህል አገሮች ከ200 ሺሕ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ በእያንዳንዱ 300 ዶላር ቤዛ ጠይቋል። መድኃኒቱ ግን ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ነበር። ከተጠቁት አብዛኞቹም ያኔ ጥገናው ያልተቋረጠበት ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ። ማስተካከያው ቢኖርም አልጫኑትም።

ይህ ነገር ለጋይንት ነጋዴ ቅርብ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መስመር ያጣ ኮምፒዩተር ጥገናው ባይቆምም አይደርሰውም። ቫይረሱ ግን መስመር አይጠብቅም፤ ከኮፒ ቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቢሮ በፍላሽ ይጓዛል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ለግለሰብ ኮምፒዩተር ማይክሮሶፍት የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አቅርቧል፤ የሚያበቃው ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም ነው። ዋጋው 30 ዶላር ሲሆን፣ የኮምፒዩተሩን ቅንብር በማይክሮሶፍት አካውንት ለሚያስቀምጥ ሰው በነፃ ይሰጣል። ለድርጅት ግን በአንድ ኮምፒዩተር የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ በሦስት ዓመት 427 ዶላር ይደርሳል። በዶላር ለሚከፈል ነገር ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ፈቃድ በሌለው፣ «ክራክ» በተደረገ ዊንዶውስ ለሚሠራማ ማራዘሚያውን መተማመኛ ማድረግ አይገባም።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም የሚያሻሽጥም ከመዋዋሉ በፊት ዊንዶውስ 11 መቀበሉን ያረጋግጥ። በኢንቴል በኩል በአብዛኛው 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያስፈልጋል። እነዚህ የሌሉት ዕቃ ርካሽ ቢመስል ዋጋው የሚከፈለው ቆይቶ ነው።

ሌላው አማራጭ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ነው፤ ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ይበቃል። ይሁንና ፒችትሪ በቀጥታ አይሠራበትም፤ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶችም ሊያስቸግሩ ስለሚችሉ አስቀድሞ መሞከር ይገባል።

መቀየር ያልቻለ ደግሞ ሥራውን ይለያይ። ሒሳብ የሚያዝበት አሮጌ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ይነጠል፤ የባንክ ሥራ ጥገና በሚደርሰው ሌላ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ይሠራ። የእንግዳ ፍላሽ አይሰካበት። የሒሳቡ ቅጂ በየሳምንቱ ለዚሁ ብቻ በተለየ ዲስክ ይወሰድ፤ ዲስኩም ተነቅሎ ሌላ ቤት ይደር። ሳይነቀል የቀረ ዲስክ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ሲመጣ አብሮ ይቆለፋል።

ለአርብ ገበያ ነጋዴ ቀኑም አያስቸግርም፤ ገበያው ሲበተን ቅጂውን መውሰድ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።