ቅርሱ የሁላችን፣ ወጪው የማን?

በምሥራቅ ጎጃም ከምትገኘው ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወረድ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ የነበረ አንድ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ወቅት መካከሉ ስለፈረሰ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ዓመት ያህል መንገደኛውና ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ጎልማሶች እየተሳበ በወንዙ አናት ላይ ክፍተቱን ሲሻገር ኖረ።

ይህን ችግር የፈታው የወረዳም፣ የክልልም፣ የፌዴራልም በጀት አልነበረም። ኬን ፍራንዝ የተባለ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር አሜሪካዊ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተመለከተ። በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ግብረ ሠናይ ድርጅት መሠረተና ክፍተቱን በብረት አስገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ጠራርጎ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ድርጅቱ በአካባቢው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ሠራ። ሞጣ አጠገብ የተጀመረው ሥራ ኋላ ሩዋንዳን ጨምሮ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

ለዚያ ደግ ሥራ ምስጋና ይገባል። ጥያቄው ግን ይቀራል። ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚጠቀምበት፣ በዕድሜውም ቅርስ የሆነ ነገር ስልሳ ዓመት ሙሉ ለምን ጠጋኝ አጣ? መልሱ የሕዝቡ ግድየለሽነት አይደለም። ድልድዩ ለሺዎች ይጠቅማል፤ ከሺዎቹ አንዱ ግን ብቻውን ሊጠግነው አይችልም። ቢጠግነው እንኳ ያልከፈለውን ሰው እንዳይሻገር ሊከለክለው አይችልም። የኢኮኖሚክስ ምሁራን የወል ሀብት የሚሉት ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ሀብት ለገበያ ከተተወ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ ለምጽዋት ከተተወም የሚድነው በአጋጣሚ ብቻ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የሚገኙት ጥንታዊ ሕንፃዎች፣ የብራና መጻሕፍት፣ የቅኔ ትምህርትና የቤተ ክርስቲያን ደኖች ሁሉ የሚገኙት በዚሁ ሁኔታ ላይ ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብ መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 91 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብትንና ታሪካዊ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ መሆኑን፣ ሥነ ጥበብም አቅም በፈቀደ መጠን መደገፍ እንዳለበት ያስቀምጣል። ጥበብ፣ ቅርስና ተፈጥሮ በአንድ አንቀጽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የገንዘቡ ነገር ሲመጣ ግን ቃሉ ይላላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሱን የመጠበቅን ግዴታ በባለቤቱ ላይ ይጥላል። የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይናገራል። "ይሸፍናል" ሳይሆን "ሊሸፍን ይችላል" ነው። የበጀት ክርክር በሚደረግበት ክፍል ውስጥ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

ባለቤቱ ማን ነው ቢባል፣ በብቸናና በሞጣ ዙሪያ በአብዛኛው የገጠር ደብር ነው። ከብቸና ከተማ ብዙም የማይርቀውን የዲማ ጊዮርጊስን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ተከሥተ ብርሃን ናቸው፤ የሊቃውንትና የብራና መጻሕፍት መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ላሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" መቼት ያደረጉትም ዲማን ነው። ከዚያ ወዲያ ደብረ ወርቅ ማርያምና እቴጌ እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም አሉ። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከሉት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው።

ወለተ እስራኤል ደብሩን ሲተክሉ ሕንፃውን አሠርተው ብቻ አልተውትም። ካህናቱና ደብተራዎቹ የሚተዳደሩበትን መሬትም መድበውለታል። የጎጃም አድባራት ማኅደር የመሬት ክፍፍልን በሚመዘግቡ ሰነዶች የተሞላው ለዚህ ነው። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ከተባለ ይህ ቋሚ የጥገናና የደመወዝ ፈንድ ነበር። ድጓውን የሚያዜመው፣ ቅኔውን የሚዘርፈው፣ ብራናውን የሚፍቀው፣ ሥዕሉን የሚሥለው፣ ጣራውን የሚከድነው ሁሉ ከዚያ መሬት ይበላ ነበር። የፈንዱ ወጪ ግን የወደቀው በአራሹ ጫንቃ ላይ ነበር። ጭሰኛውና በምሥራቅ ጎጃም ዜጋ ይባል የነበረው መሬት አልባ ገበሬ በላቡ ሌሎችን ሲያኖር እሱ ከድህነት አልወጣም። የዚያ ሥርዓት መፍረስ ተገቢ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን አራሹ ከዚህ ሸክም ተገላገለ። ሸክሙ ራሱ ግን አልጠፋም፤ ጣራው ያረጃል፣ ብራናው ይሻግታል፣ መምህሩም ይራባል። ወጪውን የሚሸፍነው የገቢ ምንጭ ተሰርዞ ወጪው ያለ ተሸካሚ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ የመጡ መንግሥታት በዚያ ፈንድ ቦታ የሚተካ ቋሚ ነገር አላበጁም። የዛሬው ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ክፍተቱን የሞላው ሕዝቡ ነው። ስለቱ፣ ዐሥራቱ፣ የሰበካ ጉባኤው መዋጮ፣ የማኅበሩ ጠላና ዳቦ አድባራቱን አቁሟል። የቅኔ ተማሪውን እንመልከት። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ ባለ ጎጆዋ እናት ከልጆቿ ጉርሻ ቀንሳ ትሰጠዋለች። በዚህች አገር ለሥነ ጥበብ ትምህርት ከሚሰጠው ድጋፍ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ በማንም የበጀት ሰነድ ላይ ግን ያልተጻፈው ይህ የገበሬ ሴት እንጀራ ነው። ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያፈሯቸው ሊቃውንት የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ሲገነቡ ድጋፉን የሰጠችው እርሷ ነበረች። የኑሮ ውድነቱ እጇን ሲያሳጥረው የሚራበው ተማሪ ነው፤ የሚዘጋውም የቅኔ ቤት ነው።

የሕዝቡ መዋጮ ብቻውን የማይበቃበት ሁለተኛ ምክንያት አለ። ምእመኑ ገንዘብ ሲያዋጣ አዲስና ትልቅ ሕንፃ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ዘመናት ያስቆጠረው ክብ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በስሚንቶና በብረት ይተካል፤ የግድግዳው ሥዕልም አብሮ ይወርዳል። በጎ ፈቃድና ገንዘብ ኖሮ ቅርስ የሚጠፋው ባለሙያ ሳይኖር ሲቀር ነው። የቅርስ አዋጁ ማንኛውም ጥገና በቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እንዲካሄድ ያዛል፤ ነገር ግን ፈቃጁና ባለሙያው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር፣ ቅርሱ ደግሞ የእነማይ ወይም የእነብሴ ወረዳ ገጠር ውስጥ ነው። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ቢሆን አቅም የለውም። ወረዳዎች ከክልል የሚያገኙት የድጎማ በጀት በአብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ባለሙያውን ከከተማ አስወጥቶ ገዳም ለማድረስ እንኳ አይበቃም።

መንግሥት ለቅርስ ሰፋ ያለ ገንዘብ ሲያወጣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቱሪዝም ነው። ላሊበላና የጎንደር አብያተ መንግሥታት የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ስላሉ የውጭ አጋርም፣ የፌዴራል ትኩረትም ያገኛሉ። ይህ መልካም ነው። ቱሪስት በሚያስገባው ገንዘብ ብቻ ከተለካ ግን ብቸናና ሞጣ መቼም ተራ አይደርሳቸውም። ጎብኚው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ይገባል፤ በመኪና የሚጓዘውም በብዛት በደብረ ማርቆስ በኩል ያልፋል። በዚያ ላይ የቱሪስት ገቢ በሰላም ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በአካባቢው የሚገኘውን የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መረጠው። በቀጣዩ ዓመት ግን፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ፣ የአማራ ክልል የጦርነት ሜዳ ሲሆን ጎብኚው ቀረ። ጎብኚ ቢቀርም ዝናቡ ጣራውን ማፍሰሱን፣ ምስጡ መደርደሪያውን መብላቱን አያቆምም። ድጋፉ በቱሪስት ገቢ ላይ ከተንጠለጠለ የሚቋረጠው ቅርሱ በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው።

በተፈጥሮ ጥበቃም ሒሳቡ ያው ነው። ሙጋና ሱሃን የመሰሉ ወንዞች ከጮቄ ሥር ተነሥተው በምሥራቅ ጎጃም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በየዓመቱ በበጋው የሁለት እጁ እነሴና የእነማይ ወረዳዎች ገበሬ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ቦይ ይቆፍራል፣ ክትር ይክትራል፤ ክፍያ የለውም። አፈሩ ከማሳው ባይሸሽለት ለራሱ ይጠቅመዋል። ከፍ ያለው ጥቅም ግን የሚደርሰው ከታች ላለው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የጎጃም አፈር እዚያ ገብቶ እንዳይተኛ የሚከለክለው የዚህ ገበሬ እርከን ነው። አንዱ ከፍሎ ሌላው የሚጠቀምበት ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚፈለገው በታች ይሠራል።

የደኑም ነገር እንዲሁ ነው። በአካባቢው የተረፈው አገር በቀል ደን፣ ማለትም ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው፣ በአብዛኛው ያለው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ምንጭ ያጠራል፣ ንብ ያኖራል፣ ዘር ያቆያል፤ ለደብሩ ግን ጥሬ ገንዘብ አያስገባም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ለአጣና ይሸጣል። ስለዚህ በደኑ ዳርቻ ባሕር ዛፍ እየገፋ ይገባል። ሰበካ ጉባኤውን ልንወቅስ አንችልም፤ የምንፈልገውን ጥቅም ሳንከፍለው እንዲያቀርብልን የጠየቅነው እኛ ነን። ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ደን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ከነዳጅ ቀረጥ ትከፍላለች፤ ተራቁቶ የነበረው መሬቷም ተመልሶ በደን ተሸፍኗል።

"መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ የመንግሥት ገንዘብ ለምን ለደብር ይውላል?" የሚል መቃወሚያ ይነሣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ የቆመ በመሆኑ ተገቢ ጥያቄ ነው። ድጋፉ ለአምልኮው ሳይሆን ለቅርሱ ሲሆን ግን አንቀጹ አይጣስም። ሃይማኖትን ከመንግሥት በመለየት በዓለም የታወቀችው ፈረንሳይ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት የተሠሩ ካቴድራሎቿን በመንግሥት፣ የደብር ቤተ ክርስቲያኖቿን በማዘጋጃ ቤቶች ገንዘብ ትጠግናለች። መስፈርቱ ዕድሜው፣ ጥበቡና ታሪኩ ይሁን፤ ለጥንታዊ መስጊድም፣ ለድልድይም፣ ለአርበኞች መታሰቢያም እኩል ይሥራ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በመጀመሪያ፣ "ሊሸፍን ይችላል" የሚለው ወደ ግልጽ ቀመር ይቀየር። ማኅበረሰቡ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት ሲያቀርብ መንግሥት የባለሙያውንና የኢንዱስትሪ ዕቃውን ወጪ ይቻል፤ ድርሻውም አስቀድሞ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከብሔራዊ ሎተሪዋ ገቢ ለሥነ ጥበብ፣ ለቅርስና ለተፈጥሮ ጥበቃ ድርሻ ትመድባለች። እኛም ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ሎተሪ አለን። ከትርፉ የተወሰነ ድርሻ በሕግ ለዚሁ ዓላማ ሊመደብ ይችላል፤ የሎተሪ ገንዘብ ለማይቀበል የሃይማኖት ተቋም ድርሻው ከመደበኛ በጀት ይሸፈን። ሦስተኛ፣ ከዓባይ ኃይል ከሚገኘው ገቢ ጥቂቱ ወደ ተፋሰሱ ወረዳዎች ይመለስ፤ የገበሬው የበጋ ጉልበትና የቤተ ክርስቲያኑ ደን አጥር ከዚያ ይከፈሉ። አራተኛ፣ ገንዘቡ ለምረቃ ብቻ ሳይሆን ለጥገና ይዋል። በየዓመቱ አንድ ጣራ መጠገን ከሃያ ዓመት በኋላ ሕንፃውን ከመሠረቱ ከማደስ እጅግ ይረክሳል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ብቸናና ሞጣ የጎጃም ገበሬ ዐመፅ ዋና ማእከሎች ነበሩ። ገበሬው የተነሣው ግብሩ ርስቱን ወደ መለካትና ወደ መንጠቅ ያመራል ብሎ ስለሰጋ ነው፤ መንግሥትም በመጨረሻ የጎጃምን ገዢ አንሥቶ ግብሩን ለመተው ተገደደ። ይኸው ሕዝብ ለደብሩ፣ ለዕድሩ፣ ለእርከኑ ሳይታዘዝ ያዋጣል። ልዩነቱ ገንዘቡ የት እንደገባ በዓይኑ ማየቱ ነው። ስለዚህ ከማእከል የሚመጣም ሆነ በአካባቢ የሚሰበሰብ ብር በየዓመቱ በወረዳው አደባባይ ይነበብ፤ ምን ያህል ገባ፣ ምን ተጠገነ፣ ማን ሠራው የሚለው በግልጽ ይለጠፍ። የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችና የደብሩ አለቆች የሚቀመጡበት ኮሚቴም ወጪውን ይቆጣጠር።

የሚጠየቀው አዲስ ግንብ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈው ግዴታ የበጀት መደብ፣ ቋሚ ምንጭና ተጠያቂ እንዲኖረው ነው። የክልሉ ምክር ቤትና የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ይህን ጥያቄ በስሙ ሊያነሡት ይገባል። የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ድርሻውን እስከ ዛሬ ከፍሏል፤ አሁን ተራው የመንግሥት ነው።