የዋልያን ስም ይዘው ባሕር ስለ ተሻገሩ ሙዚቀኞች

ከጐንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ቍልቍለት የወረደ መንገደኛ አዲ አርቃይ ደርሶ ቀና ቢል፥ የሰሜን ተራራ እንደ ግንብ ቆሞ ይታየዋል። በዚያ ገደል የሚኖረው ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። የዚህን እንስሳ ስም መጠሪያቸው ያደረጉ ሙዚቀኞች በአዲስ አበባ ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ዋልያስ ባንድ ይባል ነበር። ነገራቸው ከዘፈን ይልቅ የቤተ ሰብ ነገር ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልንጽፈው ወደድን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።

በ1970ዎቹ በሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር፤ በ1977 «ጨ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ታውጆ ስለ ነበር፥ ማታ ወደ ጭፈራ የገባ ሰው ሳይነጋ ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም ነበር፤ እነርሱም እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱለት ነበር። በ1981 ከአቶ ማሕሙድ አሕመድ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻግረው፥ ይልቁንም ለስደተኛው ኢትዮጵያዊ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። ጕዞው ሲፈጸም ግን ማኅበሩ ተከፈለ፤ እኵሌቶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፥ አቶ ግርማ በየነ፥ አቶ ኃይሉ መርጊያ፥ አቶ ሞገስ ሀብቴና አቶ መላከ ገብሬ በዚያው ቀሩ።

ልጁን ለሙዚቃ ጕዞ የሸኘ ወላጅ እንዲህ ያለውን ወሬ በምን ልብ ይቀበለዋል? እኛ በቀረውም በተመለሰውም ላይ ለመፍረድ አንደፍርም፤ ዘመኑ ክፉ ነበርና። ሆኖም «አዝማሪ» ማለትን እንደ ስድብ የሚቈጥሩ መኳንንት ዛሬም ካሉ፥ ቀጥሎ ያለውን ቢሰሙ መልካም ነው።

አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኑ። መሣሪያቸውን ግን በመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ አውጥተው ይለማመዱበታል። ብዙ ዓመት እንዲህ ሲሆን የሚያያቸው ሰው ነጂ እንጂ ሊቅ ናቸው ብሎ አላሰበም። በ1985 አኮርዲዮን እየተጫወቱ ያዘጋጁት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ፥ የአውሮፓና የአሜሪካ ሰው ፈልጎ አገኛቸው፤ ዳግመኛም ከአገር ወደ አገር እየዞሩ ይጫወቱ ጀመር።

አቶ ግርማም ከመድረክ ርቀው እጅግ ዘመን ኖሩ። ፖላንዳዊው ማቼይ ቦህኒያክ በ2017 ያወጡት፥ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ የሚናገር እውነተኛ ሲኒማ የእኒህን ሰው መመለስ ያሳያል። አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋራ ቆመው፥ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች መካከል ይዘፍናሉ፤ በዚያው ዓመትም ከነርሱ ጋራ የቀዱት ሥራ ወጥቶላቸዋል።